በደጅና በጓሮ መካከል

የቤቱ ፊት ደጅ ይባላል፤ የኋላው ጓሮ ይባላል። በግድግዳውና በአጥሩ መካከል የምትቀረው ቀጭን መሬት ግን የራሷ ስም እንኳ የላትም፤ «በጎን በኩል» ተብላ ታልፋለች። ደራስያኖቻችንም ቢሆኑ ሳሎኑንና ደጃፉን ሲገልጹ እንጂ እሷ ዘንድ ሲቆሙ እምብዛም አላየሁም።

አዲስ አበባ የሚገኘው የእናቴ ቤት እንዲህ ያለች መሬት አለችው። ለክቼያታለሁ፤ ወርዷ 1 ሜትር ከ20፣ ርዝመቷ 11 ሜትር ነው። እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ የዛገ በርሜልና ከጣሪያ እድሳት የተረፈ ጣውላ ይኖሩባታል። በቅርቡ ወንድሜ «ሊሾ እናድርጋትና እንገላገል» አለ። እናቴ አልመለሰችለትም። በማግስቱ ግን ከበርሜሉ ጀርባ የበቀለችውን ጤና አዳሟን ነቅላ በጣሳ ስትተክል አየኋት።

የወንድሜ ሐሳብ መሠረት የሌለው አይደለም። ቤቱ የጭቃ ቤት ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር ግድግዳው ከሥሩ ይረጥባል። ሆኖም ሲሚንቶ ውኃን ቦታ ያስለውጠዋል እንጂ አያጠፋውም። በዚያ በኩል የሚያዘነብለው ጣሪያ 50 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥልበት 1,000 ሊትር ውኃ ያወርዳል። መሬቱ ካልጠጣው ወዴት ይሂድ? ወደ ደጃችን፣ አለዚያም ወደ ጎረቤት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ አሸንዳው ይጠገን። አፈሩ ከግድግዳው መሠረት ዝቅ ይበል፤ ወደ አጥሩም ያዘንብል። በአጥሩ ሥር ጠጠር የሞላበት ቦይ ቢበጅለት የተረፈውን ውኃ ወደ መንገዱ ቦይ ያደርሰዋል።

ቀጥሎ የመንገዱ ነገር ነው። ብዙዎች መሐሉን መሄጃ አድርገው ግራና ቀኙን ይተክላሉ። እንዲህ በጠበበ ስፍራ ይህ ስሕተት ይመስለኛል፤ የሚተርፈው እንደ መቀነት የቀጠነ ሁለት መደብ ብቻ ነውና። እኔ ብሆን መንገዱን ሙሉ በሙሉ ወደ ግድግዳው አስጠጋዋለሁ፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጥፍበትና የቀረውን አፈር ለአጥሩ እተውለታለሁ። ተክሉም ውኃውም ከጭቃው ግድግዳ ይርቃሉ።

ስፍራዋ ከቤቱ በስተሰሜን ናት። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ቀትር ላይ እንኳ የቤቱ ጥላ መሬቷን ሁሉ ይሸፍናል፤ አጥሩ ግን ከወገብ በላይ ብርሃን ያገኛል። እግሩን በጥላ፣ ራሱን በፀሐይ ለሚያኖር ሐረግ ከዚህ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል? መጀመሪያ የታሰበችኝ ቀጋ ነበረች። ነጭ አበባዋን እወደዋለሁ፤ ዳሩ ግን በዚህ ጥበት እሾኋ የእናቴን ነጠላ እየያዘ ያስቸግራታል። ስለዚህ ጠምበለል ይሁን፤ እሱም የደጋ ልጅ ነው፣ አበባውም ነጭና መዓዛው የታወቀ። ብቻ የአጥሩ ቆርቆሮ በፀሐይ ሲግል ቅጠሉን እንዳይለበልበው ከቆርቆሮው ራቅ ባለ ሽቦ ላይ ይሳብ። ከሥሩ ጥላ የሚችለው ጌሾ ይተከል፤ ጌሾ ሲያድግ መንገዱን እንዳይዘጋ መገረዝ ይኖርበታል። ጤና አዳም ግን ፀሐይ ትፈልጋለች፤ የጠዋት ብርሃን ወደሚገባበት ወደ ምሥራቁ ጫፍ ትመለስ።

ይህን ሁሉ ለወንድሜ ነገርሁት። «በርሜሉንስ የት ልታደርገው ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ እስካሁንም የለኝም።

ሲሚንቶው ገና አልተገዛም። ጣሳዋ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች፤ እናቴ ቡና ባፈላች ቁጥር ከዚያች ጤና አዳም አንድ ቅንጣቢ ትቀጥፋለች፤ ያውም ከጫፉ ብቻ፣ ሥሩ እንዳይነቃነቅ በሌላ እጇ ይዛ።