የሞዛምቢኩን ቅርንጫፍ ኮቪድ ብቻ አልዘጋውም

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቅርንጫፍ ስለ ነበረው ኢትዮጵያን ሞዛምቢክ አየር መንገድ አጭር ዕድሜ ሲነሳ ብዙዎች የሚደግሙት ምክንያት አንድ ነው፤ ኮቪድ። ድርጅቱ በ2021 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በረራ ሲያቆም የተጠቀሰውም ይኸው ነበር። ወረርሽኙ አቪዬሽንን ክፉኛ መምታቱን የሚክድ የለም። ሆኖም በሁሉም ላይ የወረደ መዓት አንዱ ለምን እንደ ከሰመ፣ ሌላው ለምን እንደ ተረፈ አያስረዳም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ባለድርሻ የሆነበት የቶጎ ሎሜው አየር መንገድ አስካይ ያንኑ ጊዜ አልፎ ዛሬም ይበራል።

ቅደም ተከተሉን እንይ። ሞዛምቢክ የአገር ውስጥ መስመሮቿን ለውጭ ድርጅቶች ስትከፍት መጀመሪያ ፋስትጄት በ2017 መጨረሻ ገባ። የእኛው ቅርንጫፍ ማፑቶን መነሻው አድርጎ በዲሴምበር 2018 ተከተለ። የመንግሥቱ አየር መንገድ «ላም»ም ገበያውን አለቀቀም። በኦክቶበር 2019 ፋስትጄት ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ፤ የሰጠው ምክንያት ከመንገደኛው ይልቅ መቀመጫው በዝቷል የሚል ነበር። ያኔ ኮቪድ የሚባል ነገር ገና አልተሰማም!

መንገደኛው ለምን ሳሳ? በ2016 ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ድብቅ የመንግሥት ዕዳ ሲጋለጥ ለጋሾች እጃቸውን ሰበሰቡ፤ የአገሪቱ ገንዘብ ሜቲካልም ወደቀ። የአገር ውስጥ መንገደኛ ገቢው በሜቲካል ነው፤ የአውሮፕላን መለዋወጫ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። በዚህ ላይ የሰሜኑ ጋዝ ለፔምባ መስመር ያመጣል የተባለው ሥራም ተሰናከለ። ጋዙ የሚገኝባት፣ ፔምባም ዋና ከተማዋ የሆነች የሰሜኗ ክፍለ ሀገር ካቦ ዴልጋዶ ከ2017 ጀምሮ በታጣቂዎች ስትታመስ ቆይታ በማርች 2021 በጋዝ ፕሮጀክቱ አጠገብ ያለችው ከተማ ፓልማ ተጠቃች፤ በማግስቱ ወር የፈረንሳዩ ኩባንያ ቶታል ፕሮጀክቱን አቆመ። ቅርንጫፉም የተዘጋው በዚያው ዓመት ነው።

«ታዲያ ድንበር ተሻግሮ ቢበር ይተርፍ ነበር» የሚል ካለ ቻዲያን ያስታውስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ 49 በመቶ ድርሻ የያዘበት ይህ የቻድ አየር መንገድ ከ2018 ጀምሮ ወደ ጎረቤት አገሮችም ሲበር ቆይቶ በ2022 ቆመ። አስካይ ግን በ2010 ሥራ ሲጀምር በ2002 የከሰረው ኤር አፍሪክ የተወው ክፍተት ጠበቀው፤ ከዳካር እስከ ሊብረቪል ነጋዴ የሚመላለስባቸው ከተሞች ነበሩት። በእኔ ግምት ዋናው ልዩነት ይህ ገበያ ነው።

የሞዛምቢኩን ቅርንጫፍ ታሪክ የሚጽፍ ሰው እንግዲህ የመዘጋቱን ምዕራፍ ኮቪድ ከተስፋፋበት ከማርች 2020 ሳይሆን ፋስትጄት ከወጣበት ከኦክቶበር 2019 ይጀምር።