ካርታው ከመሬት ይጀምር

በገዳሪፍና በድንበሩ አካባቢ የነዋሪውን ሕይወት በካርታ ላይ ለማስፈር የሚነሣ ሁሉ አስቀድሞ አንድ ጥያቄ መመለስ ይገባዋል፤ ካርታውን የሚሥለው ማን ነው? ብዙ ባለሙያዎች ግን የሚጀምሩት ከመሣሪያው ነው። የሳተላይት ምስል ይታተማል፣ ነዋሪው ተሰብስቦ የቦታ ስም ይጠየቃል፣ ሥራውም «አሳታፊ» ይባላል። ስም መጠየቅ ምስክር መስማት እንጂ ማሳተፍ አይደለም።

በሌሎች እጅ የተሠመረ መሥመር ምን እንደሚያስከትል ይህ ምድር አይቶታል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1902 ዳግማዊ ምኒልክና ብሪታንያ ስለ ድንበሩ አዲስ አበባ ላይ ተዋዋሉ፤ በተከታዩ ዓመት ሻለቃ ግዊን፣ የኢትዮጵያ ተወካዮች አብረውት ሳይኖሩ፣ ወሰኑን በምድር ላይ አመለከተ። መሥመሩ ልክ ነው አይደለም የሚለው ክርክር እዚህ አይነሣም። ክርክሩ ግን መቶ ዓመት አልፎት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በአል ፋሻጋ በተቀሰቀሰው ግጭት ገበሬው ከማሳው ተፈናቅሏል። በገዳሪፍም በ1940ዎቹ የተጀመረው የሜካናይዝድ እርሻ እየተስፋፋ ሲሄድ ሜዳው በ1,000 ፈዳን እየተከፈለ ታደለ። በወረቀት ላይ ባዶ የመሰለው ሥፍራ የዘላኖች የከብት መንገድ ነበር። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ታዲያ የትኛው ዘዴ ይስማማል? ባለ ሦስት ገጽታ ሞዴል ለተራራና ለደን አገር ድንቅ ነው፤ የኬንያ ኦጊየኮች እ.ኤ.አ. በ2006 የምሥራቅ ማው ደንን በዚህ መንገድ ሠርተውታል። ከፍታና ዝቅታው ጎልቶ በማይታይበት የገዳሪፍ የዋልካ ሜዳ ግን የካርቶኑና የሙጫው ድካም ብዙ አያተርፍም። የሳተላይት ምስልም የሚያሳየው የተነሣበትን ዕለት ብቻ ነው። በበጋ መንገድ የመሰለው ክረምት ሲገባ እግር የሚውጥ ጭቃ ይሆናል። ሀፊሩ የሚደርቅበት ወር፣ በአረምና በሰሊጥ አጨዳ ሰው የሚጎርፍበት አቅጣጫ፣ ከሰማይ አይነበብም።

የሚስማማው ከመሬት የሚጀምረው ዘዴ ነው፤ በዛፍ ጥላ ሥር፣ አፈር ላይ፣ በዱላ፣ በጠጠርና በማሽላ ፍሬ። እስክሪብቶ ያልጨበጠ እጅ ዱላ ለመጨበጥ አያፍርም፤ የተሳሳተውም በእግር ተጠርጎ እንደገና ይሠመራል። አንዱ ካርታ የበጋ፣ ሌላው የክረምት ይሁን። ሴቶች፣ የወቅት ሠራተኞች፣ ዘላኖች፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በኡምራኩባ የተጠለሉ ስደተኞች በየፊናቸው ይሣሉ። ሁሉም በአንድ ክበብ ከተቀመጡ ዱላው በባለ እርሻው እጅ ይቀራል፤ ውኃ ቀጂዋ የምታውቀውም ሳይነገር ይቀራል።

«የአፈር ሥዕል ልኬት የለውም፤ መሥሪያ ቤት አይቀበለውም» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። ስለዚህ ሥዕሉ ወደ ወረቀት ይገልበጥ፤ በመጨረሻም ነዋሪው የፈቀደው ነጥብ ብቻ በጂፒኤስ ይለካ። በአማራ ክልል እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የይዞታ ደብተር ሲሰጥ ወሰኑ የጸናው በጎረቤት ምስክርነት ነው፤ የረቀቀው ልኬት የመጣው ኋላ ነው። ጥያቄው የቅደም ተከተል ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ ግን የማይሣለው ነው። ሥራ ፍለጋ በሌሊት የሚሻገር ሰው የሚረግጠው ዱካ፣ ስደተኛ የሚሸሸግበት ጥሻ፣ አንድ ጊዜ በመሣሪያ ከተመዘገበ ከማን እጅ እንደሚገባ ዋስትና የለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በተጀመረው የሱዳን ጦርነት ሰው በድንበሩ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅም ሸሽቷል፤ አደጋው የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። አፈር ላይ የተሠመረ ግን ስብሰባው ሲያበቃ ይጠረጋል። የትኛው ወደ ወረቀት ይለፍ፣ የትኛው ከአፈሩ ጋር ይጥፋ የሚለውን መወሰን የነዋሪው መብት ነው።

ይህን መብት የማይጠብቅ ዘዴ፣ ልኬቱ የቱንም ያህል ቢረቅ፣ ለዚህ አገር አይበጅም። ባለሙያው ተሰናብቶ ሲሄድ ዋናው ካርታ በመንደሩ ይቅር፤ ቅጂውን ይዞ ለመሄድም ይለምን።