ሸክላ መምህር አይሆንም

በዐቢይ ጾም ወራት ከባሕር ዳር ወደ ዘንዘልማ የሚሄድ መንገደኛ ከሱቅ የበገና ድምፅ ቢሰማ አይደነቅም። ነጋዴው ስኳር ይመዝናል፤ ገበያተኛው በዋጋ ይከራከራል፤ በገናው ግን የዚህን ዓለም ከንቱነት ይናገራል። ይህን እያዩ «በገና በሸክላ ተጠብቋል፤ እንግዲህ ምን ያሠጋል?» የሚሉ አሉ።

ተሳስተዋል። አቶ ዓለሙ አጋ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1972 ለዩኔስኮ የሙዚቃ ስብስብ መቀረጻቸው ታላቅ ነገር ነው፤ ያን ወፍራምና ዝግ ያለ ድምፅ ባሕር ማዶ ያሰማው እርሱ ነውና። ዳሩ ግን እርሳቸው ራሳቸው የተማሩት ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው እንጂ ከሸክላ አይደለም።

ዐሥሩ የበግ አንጀት አውታር በበርኩማው ላይ ሲያርፍ፣ በመካከላቸው ቍራጭ ቈዳ ይገባል፤ ይኸውም እንዚራ የሚባለው ነው። እንዚራው የገብስ ቅንጣት ያህል ከቦታው ቢዛነፍ አውታሩ መንዘሩን ይተዋል። ሸክላ ንዝረቱን ያሰማል፤ የተሳሳተ ጣት ግን አያርምም። የተቀኘውን ሰምቶ ብቻ፣ ሳይቈጥርና ሳይታረም፣ ባለ ቅኔ የሆነ ማን ነው?

አቶ ዓለሙ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተማሩት በገና በደርግ ዘመን ከትምህርቱ ወጣ። ሸክላው ያን ጊዜም ነበረ፤ ለመሆኑ በመምህሩ ወንበር ተቀምጦ ማንን አስተማረ?

ያ ነጋዴ ለድምፅ ማጉያው ካወጣው ብር እኩሌታውን ለአንድ የበገና መምህር ድርጎ ቢያደርገው፣ የጎረቤቱ ልጅ እስከ ፋሲካ እንዚራ ማስተካከል በለመደ ነበር።