የሰውነትን ሒሳብ ስለ መመርመር

ሰኔ 30 ቀን የበጀት ዓመት በሚዘጋበት ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ሹም ሁሉ ገቢውን ከወጪው ጋር ያስተያያል፤ ግምጃ ቤቱ ይቈጠራል፤ የጐደለው ይጠየቃል፤ የተበላሸው ከደኅናው ይለያል። ሥራው አድካሚ ቢሆንም ጥቅሙን የሚክድ የለም፤ ያልተቈጠረ ገንዘብ መጥፋቱ የሚታወቀው ካለቀ በኋላ ነውና። ነገር ግን ይህን ሁሉ ሒሳብ የሚመረምረው ሹም ስለ ገዛ ሰውነቱ፣ ባለፈው ዓመት ምን ተጨመረ፣ ምንስ ጐደለ ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልስ የሚያገኘው ከብዙው ጥቂቱ ነው። ከእግዚአብሔር በአደራ የተቀበልነውን ሰውነት ሳንመረምር ዓመት በዓመት ላይ እየተደረበ ይሄዳል።

ይህን የምንጽፈው ሰውን ለማስፈራራት አይደለም። በዘመናችን ከሚያሠጉት በሽታዎች ዋና ዋናዎቹ እንደ ወባና እንደ ተስቦ በትኩሳትና በብርድ የሚታወቁ ስላልሆኑ ነው። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ያለ ምንም ምልክት ብዙ ዓመት በሰው አካል ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ሰውየው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ሥራውን ይሠራል፤ ግፊቱ ግን በውስጥ ሆኖ የልብን፣ የኵላሊትን፣ የዓይንንና የአንጎልን የደም ሥሮች ይጐዳል። ከዕለታት አንድ ቀን ድንገት ወድቆ አንድ ወገኑ በድን ሲሆን፣ ወይም አንደበቱ ሲታሰር፣ ዘመድ ወዳጁ «መጋኛ መታው» ይላል። መጋኛ የተባለው ግን ብዙውን ጊዜ ስንት ዓመት ሙሉ አብሮት የኖረ፣ በአንዲት ቀላል መሣሪያ በጥቂት ደቂቃ ሊታወቅ ይችል የነበረ በሽታ ነው።

የነገሩን ስፋት ቍጥር ያስረዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ባወጣው መግለጫ በዓለም ላይ ካሉት ጐልማሶች ከሦስቱ አንዱ የደም ግፊት ያለበት መሆኑን፣ ከነዚህም እኩሌታ የሚያህሉት በሽታው እንዳለባቸው የማያውቁ መሆናቸውን ገልጧል። በአገራችንም በ2007 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት፣ ዕድሜአቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆነው ሰዎች መካከል ከመቶው 16 ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። አንድ ሰው በቀን የሚበላው ጨው በአማካይ ከ8 ግራም በላይ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ግን ከ5 ግራም በታች፣ ይኸውም አንዲት የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው።

ማዕረግና ሥልጣን ከዚህ እንደማያድኑ ከታሪክ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. በግብጽ አገር በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ፣ ኵዊንሲ በተባለው የጦር መርከብ ውስጥ፣ የአሜሪካን ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልትን ተገናኝተው ተነጋግረው ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 4 ቀን፣ ፕሬዚዳንቱ ራሴን በብርቱ አመመኝ ብለው ወዲያው ራሳቸውን ሳቱ፤ በአንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ በዚያው ቀን ዐረፉ። ዕድሜአቸው 63 ዓመት ነበር። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በመጋቢት ወር 1936 ዓ.ም. የልብ ሐኪም በመረመራቸው ጊዜ ግፊታቸው 186 በ108 ሆኖ ተገኝቶ፣ ሲጋራ እንዲቀንሱ፣ ጨው እንዲያሳንሱ፣ ዕረፍትም እንዲያበዙ ታዘው ነበር፤ እርሳቸውም ትእዛዙን ለመፈጸም ሞክረዋል። ነገር ግን ግፊታቸው ከፍ ማለቱ ከዚያ ሦስት ዓመት አስቀድሞ ተለክቶ የታወቀ ሲሆን፣ ጥንቃቄው የተጀመረው ልባቸው ከደከመ በኋላ ነበር። በዚያን ዘመን ደግሞ ግፊትን በደኅና የሚያወርድ መድኃኒት አልተገኘም ነበር። ዛሬ መድኃኒቱ ክኒን ሆኖ በየጤና ጣቢያው ይታዘዛል። እርሳቸው ልካቸውን የሚነግራቸው ሐኪም ሳይታጣ መድኃኒት አጡ፤ ከእኛ ብዙዎቹ ግን መድኃኒት ተገኝቶ ሳለ ልካቸውን ሳያውቁ ይሞታሉ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ መለካት ነው። የሚለካው ሰው አስቀድሞ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቡናና ሲጋራ ሳይቀምስ፣ አምስት ደቂቃ በጸጥታ ተቀምጦ፣ እግሩን መሬት አስረግጦ፣ ክንዱን በልቡ ትክክል አሳርፎ ይለካ። በልዩ ልዩ ቀን ተለክቶ የላይኛው ቍጥር 140 ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው 90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከተገኘ፣ ነገሩ ለነገ የማይባል ስለ ሆነ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ይገባል። የስኳሩም ምርመራ እንደዚሁ በጥቂት ደም የሚፈጸም ነው።

ሁለተኛው ሥራ ኑሮን ማስተካከል ነው። ጨውን መቀነስ፣ ጮማን መመጠን፣ አትክልትና ፍራፍሬን ማዘውተር፣ ጠጅና አረቄን መግታት፣ ሲጋራን ፈጽሞ መተው፣ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ በእግር መሄድ፤ ከዚህ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አንድም የለም። አባቶቻችን ወደ ገበያና ወደ ደብር በእግራቸው ሲመላለሱ ኖረዋል፤ እኛ ግን ከቤት ወደ መሥሪያ ቤት በመኪና፣ ከመኪና ወደ ወንበር ሆነናል። ይሁን እንጂ ሁሉን ባንድ ቀን እለውጣለሁ የሚል ሰው ባንድ ሳምንት ሁሉን ሊተው ይችላልና፣ ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፣ አንዱን ልማድ አጽንቶ ወደ ሁለተኛው መሻገር ይሻላል።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሥራ ግን ተመልሶ መመርመር ነው። በመስከረም ወር አዲሱን ዓመት ስንቀበል አሳብ የማያስብ፣ ለራሱም ቃል የማይገባ ጥቂት ነው። በኅዳር ወር፣ ያ ቃል ወዴት ደረሰ ብሎ ራሱን የሚጠይቅ ግን ከዚያም ያነሰ ነው። የታዘዘለትን ክኒን ሁለት ወር ውጦ ደኅና የሆነ የመሰለው ሰው መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ያቋርጣል፤ ግፊቱ ግን የወረደው በመድኃኒቱ ኃይል ስለ ነበር ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ቀኑንና ልኩን በትንሽ ደብተር መጻፍ፣ ሐኪሙ በቀጠረው ቀን መመለስ፣ ቢያንስ በየመንፈቁ የጀመሩትን ልማድ መመርመር ያስፈልጋል። ንስሐ የገባ ሰው ቀኖናውን ፈጽሞ ወደ ንስሐ አባቱ እንደሚመለስ፣ ኑሮውን ያስተካከለም ሰው ወደ መርማሪው ሳይመለስ ፈውሱን ሊያረጋግጥ አይችልም።

በዚህ ነገር ካህናት ታላቅ ድርሻ አላቸው። ሕዝቡን ሰውነቱን መግዛት ያስተማረች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ሁለት ወር ያህል ከሥጋና ከቅቤ ተከልክሎ ዐቢይ ጾምን የሚፈጽም ምእመን፣ ጨው መቀነስ አልችልም ቢል ማንም አያምነውም። ነገር ግን በፋሲካ ማግሥት ያለ ልክ የሚበላ ሰው በጾሙ ያተረፈውን ጤና በሳምንት ያጠፋዋል። ደግሞም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ በሽተኛ ምግብ ሳይቀምስ ሲውል ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ፍትሐ ነገሥት ለታመመ ሰው የጾሙን ሕግ ማቅለሉን ሊቃውንቱ ያውቃሉና፣ ይህን ለበሽተኛው መንገር የእነርሱ ፈንታ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ጠበል ገብቻለሁ ብሎ መድኃኒቱን የሚጥለው ሰው ነገር ነው። ወንጌልን የጻፈው ቅዱስ ሉቃስ ሐኪም እንደ ነበረ፣ ሲራክም ባለ መድኃኒትን ማክበር እንደሚገባ መምከሩን የሚያውቅ ካህን፣ «ልጄ፣ ጠበሉንም ተጠመቅ፣ ክኒንህንም አታቋርጥ» ቢለው፣ ያች ቃል አንድን የቤት አባወራ ከመውደቅ፣ ልጆቹንም ከመበተን ልታድን ትችላለች። የሐኪም ምክር የማይሰማበት ቤት የንስሐ አባት ቃል ይሰማበታል።

ሹማምንቱም እንዲሁ የሚፈጽሙት ሥራ አላቸው። በየመሥሪያ ቤቱ አንድ የግፊት መለኪያ መሣሪያ ቢኖር፣ ዕቃው በሚቈጠርበት በሰኔ ወር ሠራተኛው ሁሉ በጤና ባለሙያ እጅ ቢለካ፣ ውጤቱም የሠራተኛው ምስጢር ሆኖ ቢጠበቅ፣ የሚወጣው ገንዘብ ጥቂት፣ የሚድነው ሰው ግን ብዙ ይሆናል። በግብዣም ላይ፣ በዝክርም ላይ፣ በማኅበርም ላይ፣ በቃኝ ያለውን እንግዳ በሞቴ፣ አፈር ስሆን እያሉ ማስጨነቅ ከፍቅር የሚቈጠርበት ልማድ ሊታረም ይገባዋል። ወዳጁን የሚወድ ሰው የወዳጁን ጤና ይወዳል።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። ከሌላ ሰው የሸሸገ ሰው ምናልባት አንድ ቀን ይናገር ይሆናል፤ ከራሱ የሸሸገ ግን እስኪወድቅ ድረስ የሚነግረው የለም። ለመንግሥት ሒሳብ የማንነፍገውን አንድ ቀን ለገዛ ሰውነታችን እንስጠው፤ ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንመርምረው። አገሩንና ቤተ ክርስቲያኑን ለማገልገል የሚመኝ ሁሉ፣ የሚያገለግልበትን ሰውነት መጠበቅ የአገልግሎቱ መጀመሪያ መሆኑን አይርሳ።