ስለ ቢስክሌት መንገድና ስለ መንገደኛ አቀባበል

መንገድ ማለት ድንጋይ የተነጠፈበት ምድር ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን መንገድ የሚቀናው በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የሚረገጠው ምድር ነው፤ ሁለተኛውም በዳር በዳሩ የሚኖረው ሰው ጠባይ ነው። ምድሩ ተደልድሎ ጠባዩ ካልተደለደለ፥ አንድ ጊዜ ያለፈ መንገደኛ ሁለተኛ አይመለስበትም። ለዚህም ከመተማ ዮሐንስ እስከ ጣና የሚደርሰው የቢስክሌት ጉዞ ምስክር ይሆነናል።

መተማ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. የወደቁባት የጠረፍ ከተማ ስለሆነች፥ ስሟ ሲነሣ የሚታሰበን ጦርነትና የድንበር ንግድ ነው። ዳሩ ግን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ዓመት ሌላ ዓይነት እንግዳ ስትቀበል ኖራለች። ይኸውም ከካይሮ ተነሥቶ እስከ ኬፕ ታውን 12,000 ኪሎ ሜትር ያህል በአራት ወር የሚጓዘው፥ ቱር ዳፍሪክ የተባለው የቢስክሌተኞች ጉዞ ነው። ተጓዦቹ ከገላባት ወደ መተማ ተሻግረው፥ በገንዳ ውሃና በአይከል በኩል ወደ ጎንደር ይወጡ ነበር። መተማ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ስትሆን፥ ጎንደር ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ከቆላው ሐሩር እስከ ደጋው ነፋስ በእግር ኃይል መውጣት ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ዳገቱን የጨረሰ ሰው የጎንደርን ግንብና የጣናን ሐይቅ በማየት ድካሙን ይረሳል።

የዚህ ጉዞ ጥቅሙ ከምን ላይ ነው ቢሉ፥ ከዝግታው ላይ ነው። በአውቶሞቢል የሚሄድ ሰው መንደሩን በአቧራ ሸፍኖት ያልፋል። ቢስክሌተኛው ግን ይጠማዋል፤ ይርበዋል፤ ይመሽበታል። ስለዚህም ገንዘቡ በትልልቅ ሆቴሎች ብቻ ሳይቀር፥ ሻይ አፍልታ ለምትሸጠው እናትና ሙዝ ለሚቸረችረው ጎልማሳ ጭምር ይደርሳል።

ዛሬ ግን ሁለት መሰናክል አለ። ፊተኛው የሰላም መታጣት ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ፥ በመተማ በር የገባው መንገደኛ ቢስክሌተኛ ሳይሆን ልጁን ያዘለ ስደተኛ ሆነ። በዚያው ዓመት ደግሞ በራሱ በአማራ ክልል ግጭት ተነሣ። ሰላም ለሁሉ መሠረት ስለሆነ፥ ያለ እርሱ ስለ እንግዳ መናገር ከንቱ ነው።

ኋለኛው መሰናክል ግን ከራሳችን ቤት የወጣ ነው። በሀገራችን ያለፉ ብዙ ቢስክሌተኞች የተራራውን ውበትና የሕዝቡን ቸርነት ካመሰገኑ በኋላ፥ በመንገድ ዳር ሕፃናት ድንጋይ እንደ ወረወሩባቸው ጽፈዋል። ይህን መደበቅ አይጠቅምም። እንግዳን በውሃና በእንጀራ መቀበል ያስለመዱን አባቶች ልጆች፥ እንግዳን በድንጋይ ሲቀበሉ ማየት ያሳፍራል።

ነገር ግን ልጁን መቅጣት ብቻ መፍትሔ አይሆንም። ለእርሱ ቢስክሌተኛው የማያውቀው ትርኢት ነው፤ ቢስክሌት ነድቶ አያውቅምና ድካሙን አይረዳለትም። ልጁ ራሱ ዳገቱን በቢስክሌት ቢወጣ፥ ላቡን የሚያፈሰውን ሰው እንደ ባልንጀራው ያየዋል። ባሕር ዳርን እንመልከት፤ በዚያ ቢስክሌት የሠራተኛውና የተማሪው መጓጓዣ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፏል፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ለቢስክሌተኛ የተለየ መሥመር ተሠርቶለታል። እንዲህ ያለው ልማድ ወደ ቆላው ወረዳዎችም ሊወርድ ይገባዋል።

ስለዚህ የቢስክሌት መንገድ ለመሥራት የሚያስብ ሁሉ፥ አስቀድሞ ለአገሩ ልጅ ያስብ። መምህራን በትምህርት ቤት፥ ሽማግሎች በየመንደሩ፥ ወላጆችም በየቤታቸው የመንገደኛን ክብር ያስተምሩ። ሰላም ወርዶ የመተማ በር ዳግመኛ በተከፈተ ጊዜ፥ ዳገቱ እንደ ጥንቱ ከባድ ሆኖ ይቆየዋል፤ እንግዳውም የመጣው ያንን ፈልጎ ነው። እኛ ልናቀልለት የሚገባን ከእጃችን የሚወጣውን ድንጋይ ነው።