የተዘጋጀ ምት የማን ነው?



የአንባቢያን ደብዳቤ በሚወጣበት በዚህ ዓምድ ጥቂት ስፍራ ቢፈቀድልኝ፥ ሰሞኑን በመካነ ሰላም ከተማ ሁለት ወጣቶችን ስላጣላው ጉዳይ አሳቤን ለመግለጽ እወዳለሁ።

ከወጣቶቹ አንዱ የእኅቴ ልጅ ነው። በኮምፒዩተር ያሰናዳውን ዘፈን በኢንተርኔት ለሽያጭ ባወጣ በሳምንቱ «ይህ የሌላ ሰው ሥራ ነው» የሚል ክስ ደርሶ ዘፈኑ ታገደበት። ከሳሹ ማን እንደ ሆነ ቢጣራ፥ የዚሁ የቦረና አገር ልጅ፥ ያውም አብሮት የተማረ ሆኖ ተገኘ። «ሰረቀኝ»፥ «አንተ ነህ የሰረቅኸኝ» ሲባባሉ በእኅቴ ቤት ለሽምግልና ተቀመጥን። ሁለቱን ዘፈኖች አከታትለን ብንሰማቸው ዜማውም ግጥሙም አይገናኝም፤ የከበሮው ምት ግን ቁርጥ አንድ ነው። ለካ ሁለቱም ያገኙት ከአንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ኖሯል! መቺው የየት አገር ሰው እንደ ሆነ አንዳቸውም አያውቁም።

ልጆቹ «ሉፕ» የሚሉት ነገር አንድ ጊዜ ተመትቶ የተቀዳ፥ ጥቂት ሴኮንድ የሚፈጅ የምት ወይም የዜማ ቁራጭ ነው። ኮምፒዩተሩ መጨረሻውን ከመጀመሪያው ጋር እየገጠመ እንደ ወፍጮ ያዞረዋል። አፕል የተባለው ኩባንያ በ1996 ዓ.ም. ጋራዥባንድ የሚባለውን ፕሮግራም ሲያወጣ እንዲህ ያሉ ቁራጮችን ጨምሮ ነበር። ተጠቃሚው በሚሸጥ ዘፈን ውስጥ ሊያስገባቸው ይችላል፤ ቁራጩን ብቻውን መልሶ መሸጥ ግን ክልክል ነው።

ስለዚህ በሽምግልናው ላይ «ይህማ ሌብነት ነው» ያሉት ሰዎች ተሳስተዋል። በ1999 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የሪሃና «አምብሬላ» የከበሮ ምቱ የመጣው ከዚሁ ከጋራዥባንድ ነው። የእኛው ኃይሉ መርጊያም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 ባወጣው አልበም አኮርዲዮኑን ራሱ ሲጫወት ከበሮውን ለኤሌክትሪክ መሣሪያ ትቶታል፤ ሥራው በ2013 እንደገና ሲታተም በውጭ አገር ብዙ አድማጭ አግኝቷል። ከበሮውን መሣሪያ መታው ተብሎ የኃይሉን ጣት ከሌላ ሰው ጣት ጋር የሚያምታታ የለም።

የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ፈቃዱ ለአንድ ሰው ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ለሁሉም እኩል ነው። በሺህ ሰው እጅ ያለውን ምት አስገብቶ ዘፈኑን ከነምቱ «የኔ ነው» ብሎ ማስመዝገብ፥ የወል ምንጭ አጥሮ ውሃ ቀጂውን እንደ መክሰስ ይቈጠራል። በኢንተርኔቱ ላይ ድምፅን ከድምፅ የሚያመሳክረው መሣሪያ ደግሞ ምቱ መመሳሰሉን እንጂ ከየት እንደ መጣ አይጠይቅም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀውም የሠሪውን የራሱን ወጥ ሥራ ነው። የእኅቴም ልጅ ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ «ቅንብር» በሚለው ስር የራሱን ስም ብቻ ጽፎ ነው ያወጣው።

በዚያ መካከል ቡና ሊጠጡ የመጡ አንዲት ጎረቤታችን ነበሩ። ለብዙ ዓመት የሠፈሩን ሠርግ ሁሉ በከበሮ ያሞቁ እናት ናቸው፤ ኪቦርድ ከገባ ወዲህ ግን የሚጠራቸው የለም። ሲያዳምጡ ቆይተው፥ «ልጆች፥ ለማታውቁት ሰው ከበሮ ስትጣሉ፥ እኔ እኮ እዚሁ ቤቴ አለሁ» አሉ። ሁላችንም አቀረቀርን። አምባሰልና ባቲ የተባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከወሎ ነው፤ በቅኝቶቹ የሚዘፍኑት ልጆቻችን ግን የሠርጋችንን ከበሮና ጭብጨባ ትተው የተጠቀለለ ምት ያወርዳሉ። የእኅቴን ልጅ ሳጥን ከፍቼ ፈልጌያለሁ፤ የእኛ ጭብጨባ በውስጡ የለም።

የየወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት አንድ ደህና መቅረጫና የአንድ ቀን አበል ቢመድብ፥ የቦረናንም የሳይንትንም የወግዲንም ምት ከመቺዎቹ ስም ጋር ቀድቶ ለወጣቶቹ ማዳረስ ይችላል። መቺዎቹ ግን ዋጋቸው አስቀድሞ በውል ይከፈላቸው። እኛ የጽሕፈት ቤት ሰዎች ለስብሰባ ውሎ የምናወጣውን ስለማውቅ፥ ገንዘብ የለም የሚለውን መልስ አልቀበልም።

ከሳሹ ወጣት ክሱን አንሥቷል፤ ዘፈኑም ተመልሶ ወጥቷል። «ቅንብር» በሚለው ስር ግን ይህን እስከ ጻፍሁ ድረስ ያለው የእኅቴ ልጅ ስም ብቻ ነው። ደብዳቤው ሲታተም ጋዜጣውን ይዤ እሄድበታለሁ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከመካነ ሰላም