መምህር በወረቀት ብቻ እስከ መቼ ይመረጣል?

በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሎምፒክ ኢትዮጵያ ያገኘቻቸው አራት የወርቅ ሜዳሊያዎች በሙሉ የሁለት አትሌቶች ድል ነበሩ፤ የቀነኒሳ በቀለና የጥሩነሽ ዲባባ። ሁለቱም የበቆጂ ልጆች ናቸው። ከአሰላ በስተደቡብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ይህች የአርሲ ከተማ ከእነሱ በፊትም በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ደራርቱ ቱሉን፣ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ማራቶን ፋጡማ ሮባን ለወርቅ አብቅታለች።

እነዚህን አትሌቶች ከብሔራዊ ቡድን በፊት ያወቋቸው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ናቸው፤ ስማቸው ስንታየሁ እሸቱ። አራቱንም በልጅነታቸው አሠልጥነዋል። የበቆጂ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2012 «ታውን ኦፍ ረነርስ» በተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ለዓለም ሲቀርብም ጎልተው የታዩት አሠልጣኝ እሳቸው ነበሩ።

እንዲህ ያለ መምህር ዛሬ ሥራ ፈልጎ ቢያመለክት፣ ትልቁን ችሎታውን የሚያሳይ ሰነድ ከየት ያመጣል? ልጅን አስተውሎ ማየት፣ ባዩት ላይ ዓመታት መትጋት፣ «ከተማው ትንሽ ነው» ብሎ ጓዝን ጠቅልሎ አለመሄድ በትራንስክሪፕት ላይ አይሰፍርም። ርዕሳነ መምህራን አዲስ መምህር ሲመጣላቸው ከሁሉ አስቀድመው የሚመኙት ግን ይህንኑ ነው። የቅጥርና የምደባ ሥርዓታችን የሚመኙትን በዓይናቸው አይተው እንዲመርጡ ሊፈቅድላቸው ይገባል።

በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ርዕሰ መምህሩ አብዛኛውን ጊዜ አይመርጥም፤ ይመደብለታል። የሒሳብ ወይም የፊዚክስ መምህር እንደጎደለው ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያሳውቃል። ከዚያ በኋላ የሚያገኘው ማኅተም ያረፈበት የምደባ ደብዳቤ የያዘ ሰው ነው። ሰውየው ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ርዕሰ መምህሩ ይህን የሚያውቀው ክፍለ ጊዜው ተደልድሎ፣ ተማሪው ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው።

የግል ትምህርት ቤቶች የተሻለ ዕድል አላቸው። ማስታወቂያ ያወጣሉ፣ ይፈትናሉ፣ ቃለ መጠይቅ ያደርጋሉ፣ አመልካቹ ክፍል ገብቶ እንዲያስተምር ይጠይቃሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ እስከ 60 የሥራ ቀናት የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ይፈቅድላቸዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ብዙ የሚናገረው ያ የማሳያ ትምህርት ነው። አመልካቹ ጠመኔ ይዞ ሰሌዳው ፊት ይቆማል። ርዕሰ መምህሩ ከዲፓርትመንት ኃላፊው ጋር የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ትምህርቱ አሥር ደቂቃ ያህል እንደሄደ አንድ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ «ገባችሁ?» ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። አንዱ አመልካች ይህን ሰምቶ ወደሚቀጥለው ርዕስ ያልፋል። ሌላው ቆም ይልና ከኋላ ረድፍ ዝም ብላ የተቀመጠችውን ልጅ ወደ ሰሌዳው ጠርቶ «እስቲ ይህችን ሥሪልን» ይላታል። ስትሳሳትም አያሸማቅቃትም፤ የት ላይ እንደሳተች ከእሷው ጋር ይፈልጋል። ልምድ ያለው ርዕሰ መምህር ውሳኔው ላይ የሚደርሰው እዚህ ነጥብ ላይ ነው። የሁለቱ አመልካቾች ዲግሪና ነጥብ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ልጅቷ ግን ከሁለቱ ክፍሎች የምትወጣው የተለያየ ነገር ይዛ ነው።

የርዕሳነ መምህራን ዓይን ምን ያህል ይታመናል? ብራያን ጄከብና ላርስ ለፍግረን የተባሉ አሜሪካውያን የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት የርዕሳነ መምህራንን ግምገማ ከተማሪዎች ውጤት መሻሻል ጋር አነጻጽረዋል። ርዕሳነ መምህራኑ እጅግ ጎበዞቹንና እጅግ ደካሞቹን መምህራን በአብዛኛው ለይተዋል፤ መካከል ላይ ያሉትን መለየት ግን ከብዷቸዋል። ስለዚህ ሁሉንም ነገር ለርዕሰ መምህሩ ብቻ እንተው ማለት አይቻልም። ጨርሶ ድምፅ መንፈግም ልክ እንዳልሆነ ጥናቱ ያሳያል።

በአርሲ ደጋ ደግሞ ዲግሪ የማይመልሳቸው የአካባቢው ጥያቄዎች አሉ። ኅዳርና ታኅሣሥ የስንዴና የገብስ አጨዳ ነው፤ ከገጠር የሚመጣ ልጅ ከክፍል ይቀራል። ርዕሰ መምህሩ የሚፈልገው ስም ጠርቶ «ቀሪ» ብሎ ምልክት ከማድረግ አልፎ ልጁ ለምን እንደቀረ የሚጠይቅ፣ ሲመለስም ያመለጠውን የሚያካክስለት መምህር ነው። በኦሮሚያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአብዛኛው የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ በቋንቋው ከተማሪውም ከወላጁም ጋር የሚግባባ መምህር ብዙ ዋጋ አለው። ብርዱና ጭቃው፣ የትራንስፖርቱ ችግርና የቤት ኪራዩ ሲደራረቡ በዓመቱ አጋማሽ ዝውውር የሚጠይቅ መምህር ደግሞ ክፍሉን ባዶ ያስቀራል። አመልካቹ ገጠር ለመኖር የተዘጋጀ መሆኑን ፊት ለፊት መጠየቅ፣ ትምህርት ቤቱም በበኩሉ የመኖሪያ ቤት ጉዳይን ከወላጆች ጋር መምከር ተገቢ ነው።

ጉዳዩ አጣዳፊ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ ብሏል፤ አሁንም ከአሥር ተፈታኞች ዘጠኙ ከግማሽ በታች ናቸው ማለት ነው። ለዚህ መምህሩን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ግፍ ይሆናል። የመጽሐፍ እጥረት አለ፣ የተጨናነቀ ክፍል አለ፣ ወር የማያደርስ ደመወዝ አለ። ሆኖም ከእነዚህ ሁሉ መካከል በቅጥር ቀን ሊስተካከል የሚችለው የመምህሩ አመራረጥ ነው።

ሥጋት መኖሩ አይካድም። ርዕሰ መምህሩ የመምረጥ ሥልጣን ካገኘ ዘመድና ትውውቅ ሊገባበት ይችላል። መፍትሔው ውሳኔውን በብዙ ዓይን ፊት ማድረግ ነው። ርዕሰ መምህሩ፣ የትምህርት ዓይነቱ ነባር መምህርና የወረዳው ተወካይ ማሳያውን አብረው ይመልከቱ፤ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባል ይታዘብ። እያንዳንዱ ነጥቡን ለየብቻ ጽፎ ይፈርም፤ ቅጹ ከአመልካቹ ማኅደር ጋር ይያያዝ። ወረዳው ምደባውን የሚሠራው ይህን ከዲግሪው ጋር አገናዝቦ ይሁን።

አንድ ተግባራዊ ችግር ቀድሞ መታረም አለበት። ቅጥር የሚበዛው ተማሪ በሌለበት ክረምት ስለሆነ፣ በማሳያው ላይ እንደ ተማሪ የሚቀመጡት ብዙ ጊዜ መምህራን ናቸው። ትልቅ ሰው ልጅ መስሎ ሲቀመጥ ያልገባው ልጅ የለም፤ ዋናው ፈተናም ይቀራል። ማሳያውን ትምህርት ሳይዘጋ ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ካልሆነም በክረምት የማጠናከሪያ ትምህርት ክፍሎች ማካሄድ ይቻላል። ለዚህ ከአንድ ክፍል፣ ከ40 ደቂቃና ከጥቂት ታዛቢዎች በላይ አያስፈልግም።

የተመረጠው መምህርም ብቻውን አይተው። ጀማሪ መምህር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በመካሪ መምህር እየታገዘ ከሙያው ጋር እንዲተዋወቅ መመሪያው ያዛል። መካሪው ግን የራሱን ሙሉ ክፍለ ጊዜ እያስተማረ የጀማሪውን ክፍል የሚጎበኝበት ሰዓት የለውም፤ ምክሩም ወረቀት ላይ ይቀራል። የአርሲ ወረዳዎች በመጪው ዓመት የክፍለ ጊዜ ድልድል ሲያወጡ ለመካሪ መምህራን በሳምንት ሁለት ነፃ ክፍለ ጊዜ ቢይዙ፣ ያ ሥራ በመስከረም ሊጀመር ይችላል።